ስፖንሰር የሚባለው ማን ነው?

በደቦ ቀን ጥማድ በሬ ያመጣውም፣ ጠላ የጠመቀውም፣ በሬ አጥቶ በጉልበቱ ብቻ የመጣውም ስማቸው አብሮ ይነሣል። ኦፕን ሶርስ በሚባለው፣ ማለትም ማንም እንዲያነበውና እንዲያሻሽለው አሠራሩ ለሁሉ በተገለጠ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ላይ ግን፣ ደጋፊው ማን እንደ ሆነ መቁጠር እጅግ ያከራክራል።

ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የተባለውን ፕሮግራም እንመልከት። በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምሥጢር፣ የይለፍ ቃልም ሆነ የባንክ ሒሳብ፣ የሚጠብቅ ቁልፍ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር «ሃርትብሊድ» የተባለ አደገኛ ጉድለት ተገኘበት። ታላላቅ ኩባንያዎች ሁሉ የሚገለገሉበት ይህ ሥራ በዓመት ያገኝ የነበረው መዋጮ 2,000 ዶላር ያህል ሲሆን፣ ሙሉ ጊዜውን ለዚሁ ያዋለው ሠራተኛ አንድ ሰው ነበር። አንድ ሰው! ጉዱ ከታየ በኋላ በዚያው ወር ሊኑክስ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ባለጸጎቹን ሰበሰበ፤ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ አማዞን፣ ፌስቡክና ሌሎችም እያንዳንዳቸው ለሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ ከ100,000 ዶላር ያላነሰ ሊሰጡ ቃል ገቡ።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ቃል የገቡት ደጋፊ ከተባሉ፣ አስቀድሞ ብቻውን የደከመው ሰው ምን ይባል?

በ1999 የተቋቋመው የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ነገሩን ለይቶ አስቀምጦታል። በየዓመቱ ገንዘብ የሚሰጡትን እንደ ስጦታቸው መጠን ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ብሎ ይመድባል፤ አገልግሎትና መሣሪያ በዓይነት የሚሰጡትንም ለብቻ ይመዘግባል። አባል የሚሆነው ግን ሰው እንጂ ኩባንያ አይደለም፤ ፕላቲነም የከፈለም ቢሆን በሥራው ላይ ድምፅ አይገዛም። ይህ ሥርዓት ደግ ይመስለኛል፤ ምስጋናና ሥልጣን አልተደባለቁበትምና።

የሚያስቸግረው ሦስተኛው ዓይነት ነው። አንድ ኩባንያ ለሠራተኛው ደመወዝ እየከፈለ ለጋራው ፕሮግራም እንዲሠራ ቢያሰማራው፣ በቼክ ከሚሰጠው የበለጠ ረድቷል እላለሁ። ዳሩ ግን ሠራተኛው የሚነካው ለአሠሪው የሚጠቅመውን ክፍል ብቻ ቢሆን፣ ይህ ስጦታ ነው ወይስ የገዛ ቤትን ማደስ? ግማሽ በግማሽ ነው የሚሉ አሉ። እኔ መዝገቡን የምጽፍ ብሆን፣ ማንም የማይወደውን ሥራ፣ ይኸውም የቆየውን ስሕተት መፈለግና ማረም፣ ያሠራውን ከሁሉ አስቀድሜ እጽፈው ነበር። ሃርትብሊድ ወደ ፕሮግራሙ ከገባ በኋላ ሳይታወቅ የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ነው።