የሚያዘው ካርቦን እና የሚከፈለው ድጎማ

ሃይድሮጂን ሲነድ የሚሰጠው ውሃ በመሆኑ ንጹሕ ነዳጅ ይባላል። ሆኖም ዛሬ በዓለም ላይ የሚመረተው አብዛኛው ሃይድሮጂን የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው፤ በገበሬዎቻችን ማሳ ላይ የሚበተነው ዩሪያም የሚሠራው ከዚሁ ሃይድሮጂን ነው። አንዳንድ መንግሥታት ፋብሪካዎች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይዘው ከመሬት በታች እንዲቀብሩት የገንዘብ ድጎማ ይሰጣሉ። በዚህ ጽሑፍ ድጎማው በምን ልኬት እንደሚከፈልና ልኬቱ ለምን ወሳኝ እንደሆነ እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃይድሮጂን ከጋዝ እንዴት ይገኛል?

የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል ሚቴን ነው። ሚቴን ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ከውሃ እንፋሎት ጋር ሲዋሐድ ሃይድሮጂንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ከተጨማሪ እንፋሎት ጋር ተዋሕዶ ሌላ ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገኛል። ሒሳቡ ሲጠቃለል ከ16 ግራም ሚቴንና ከ36 ግራም ውሃ 8 ግራም ሃይድሮጂንና 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን 5.5 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስከትላል። ምድጃውን ለማሞቅ የሚነደው ጋዝ ሲታከልበት መጠኑ 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል።

ከውሕደቱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ስለሆነ በቀላሉ ይያዛል። የምድጃው ጭስ ግን በናይትሮጂን የሳሳ በመሆኑ ለመያዝ ያስቸግራል። ከዚህም በላይ ጋዙን የመጠጠው ፈሳሽ መልሶ እንዲለቀው መሞቅ አለበት፤ የተለቀቀውን ጋዝ ለመጭመቅም ኃይል ያስፈልጋል።

በካናዳ የታየው

በአልበርታ ግዛት፣ በኤድመንተን አቅራቢያ የሚገኘው ክዌስት የተባለው ፕሮጀክት በ2015 ሥራ ጀመረ። የግዛቱ መንግሥት 745 ሚሊዮን፣ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ 120 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር መድበውለታል። ፕሮጀክቱ ከሃይድሮጂን ማምረቻ በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየያዘ 2 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ባለው የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ይቀብራል። ቴክኒኩ እንደሚሠራ በዚህ ተረጋግጧል። ነገር ግን የሚያዘው ከውሕደቱ የሚወጣው ነው፤ የምድጃው ጭስ ወደ አየር ይሄዳል። ሃይድሮጂኑም የሚውለው ከአሸዋ የወጣ ወፍራም ዘይትን ለማጣራት ሲሆን፣ ያ ዘይት በመጨረሻ መነደዱ አይቀርም።

ሁለት ዓይነት ልኬት

በዩናይትድ ስቴትስ በ2022 የወጣው ሕግ ለተቀበረ 1 ቶን እስከ 85 ዶላር፣ ነዳጅ ዘይትን ገፍቶ ለማውጣት ለዋለ ደግሞ እስከ 60 ዶላር የግብር ቅናሽ ፈቀደ። በ2025 የወጣው ሕግ ለአዳዲስ ተቋማት ሁለቱን እኩል 85 አደረጋቸው። እዚህ ላይ የሚለካው የተያዘው ጋዝ ነው።

እስቲ እናስላ። አንድ ፋብሪካ 100 ቶን ያዘ፤ ለመያዙ ሥራ ባነደደው ጋዝ ደግሞ 20 ቶን ለቀቀ እንበል። ክፍያው ለ100 ቶን 8,500 ዶላር ነው። ከባቢ አየሩ የተረፈው ግን ከ80 ቶን ብቻ ስለሆነ፣ እውነተኛው ዋጋ በቶን 106 ዶላር ገደማ ይሆናል። 100 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገኘው ከ36 ቶን ገደማ ሚቴን ነው። ከዚህ ውስጥ 1 ቶን ያህል ከጉድጓድ እስከ ፋብሪካ ባለው መንገድ ቢያፈተልክስ? በ20 ዓመት ጊዜ ሲለካ 1 ቶን ሚቴን የ80 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ስለሚያሞቅ፣ የተገኘው ጥቅም በሙሉ ይካካሳል።

የ2022ቱ ሕግ ለሃይድሮጂን ሌላም ቅናሽ ደንግጓል። ይህኛው ከጋዝ ጉድጓድ እስከ ፋብሪካው በር የወጣውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ለ1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የለቀቀ ምንም አያገኝም። አንድ ፋብሪካ ሁለቱንም ቅናሾች በአንድ ላይ መውሰድ አይችልም። በ2025ቱ ሕግ መሠረት ግን ይህን ቅናሽ የሚያገኙት ግንባታቸውን ከ2028 በፊት የሚጀምሩ ብቻ ናቸው።

ኖርዌይ በበኩሏ በ1991 በሚለቀቀው ጋዝ ላይ ግብር ጣለች። ከ1996 ጀምሮ በሰሜን ባሕር የስላይፕነር ጋዝ ማውጫ ከተፈጥሮ ጋዝ የሚለየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕሩ ወለል በታች ይቀበራል። በዚያ የሚያስከፍለው ያመለጠው ነው።

ለእኛስ?

ዩሪያ የሚሠራው አሞኒያን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በማዋሐድ ነው። ጋዙ በፋብሪካው ይያዛል፤ ማዳበሪያው ማሳ ላይ ሲሟሟ ግን ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል። በ2025 በጎዴ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈርሟል። እንዲህ ያሉ ተቋማትን ነገ የሚያንቀሳቅሱትና የሚቆጣጠሩት የዛሬዎቹ ተማሪዎች ናቸው። «ይህን ያህል ቶን ተያዘ» የሚል ዘገባ ሲቀርብላቸው፣ ምን ያህሉ ከአየር ውጭ እንደቀረ አስልተው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።