የወታደር መመዘኛው ጉልበቱ ነው ወይስ ጢሙ?

የአንድ ሠራዊት ጥንካሬ በታጠቀው መሣሪያ ብዛትና ዓይነት ብቻ የሚለካ አይደለም። መሣሪያውን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው፣ ምሽግ የሚቆፍረው፣ የቆሰለ ጓዱን ከተኩስ መካከል ጎትቶ የሚያወጣው ሰው ነው። ስለሆነም ወታደር ሰውነቱን እንዲያጠነክርና ንጽሕናውን እንዲጠብቅ መጠየቁ ከጥንት ጀምሮ የኖረና ተገቢም የሆነ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ማናቸውም ደንብ በሚወጣበት ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ሊነሡ ይገባል። ደንቡ የሚያገለግለው የትኛውን ሥራ ነው? ሸክሙስ የሚያርፈው በማን ጫንቃ ላይ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በ2025 በአሜሪካ ጦር ኃይል ውስጥ የተወሰዱትን እርምጃዎች መነሻ በማድረግ እንመረምራቸዋለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ፒት ሄግሴት በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የተሠማሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጄኔራሎችንና አድሚራሎችን በቨርጂኒያ በሚገኘው የኳንቲኮ የጦር ሰፈር ሰብስበው ንግግር አደረጉ። የንግግራቸው ፍሬ ነገር በሁለት ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው፣ ከተራ ወታደር እስከ ጄኔራል ድረስ ማንኛውም የሠራዊቱ አባል በዓመት ሁለት ጊዜ የአካል ብቃት ፈተና እንዲወስድና የክብደትና የቁመት መመዘኛውን እንዲያሟላ የሚያዝ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ጢም ማሳደግን የሚከለክል ነበር።

እነዚህ ሁለት ትእዛዞች ከአንድ አፍ፣ በአንድ ቀን ቢወጡም በባሕርያቸው አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ለይቶ ማየት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከአለቃው የሚጀምር ደንብ

በመጀመሪያ የአካል ብቃቱን ጉዳይ እንመልከት። የአሜሪካ ምድር ጦር ከጁን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ፈተና አምስት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ክብደትን ከመሬት ማንሣት፣ ፑሽ አፕ መሥራት፣ እየሮጡ ሸክም መጎተትና መሸከም፣ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ አካልን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ በመጨረሻም ሁለት ማይል ማለትም 3.2 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ ናቸው። ተፈታኙ በእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ 60፣ በድምሩ 300 ነጥብ ማግኘት ይጠበቅበታል። በ21 የውጊያ ሙያዎች ለተመደቡት ግን ዝቅተኛው ድምር 350 ሲሆን፣ መለኪያውም ለወንድና ለሴት አንድ ነው። እዚህ ላይ ደንቡና ሥራው ያላቸው ግንኙነት ግልጽ ነው። የመድፍ ጥይት የሚያነሣው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ የጥይቱ ክብደት አይለወጥም።

ከዚህም በላይ መመዘኛው ጄኔራሉን ጭምር ማካተቱ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በብዙ ሠራዊቶች ታሪክ ውስጥ ላብ የተራው ወታደር፣ ድሎት የመኮንኑ ድርሻ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ረገድ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ያደረጉት ዛሬም የሚጠቀስ ነው። በሥልጣን ዘመናቸው ማብቂያ ላይ መኮንኖች በሦስት ቀን ውስጥ 90 ማይል በፈረስ እንዲጓዙ ባዘዙ ጊዜ፣ በጽሕፈት ቤት ወንበር የደላቸው አለቆች ትእዛዙ ከበደን ሲሉ አጉረመረሙ። በዚያን ጊዜ የ50 ዓመት ሰው የነበሩት ፕሬዚዳንት በጃንዋሪ 1909 ከዋሽንግተን ተነሥተው እስከ ዋረንተን ከተማ ደርሰው ተመለሱ። 98 ማይል ያህሉን መንገድ የጨረሱት በአንድ ቀን ነበር። ከዚህ በኋላ ማጉረምረሙ ትርጉም አልነበረውም። አዛዡ ራሱ የተሸከመው ሸክም ለታዛዡ አይከብድምና።

ጢም ስለምን ይላጫል?

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ስንሻገር ግን ነገሩ ይለወጣል። ጢም መላጨት የወታደርነት ዘላለማዊ ሕግ ነው የሚሉ አሉ። ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። የእንግሊዝ ጦር እስከ ኦክቶበር 1916 ድረስ ወታደሮቹ የላይኛውን ከንፈር ጢም እንዳይላጩ በደንብ ያስገድድ ነበር። ያው ጦር በኋላ ጢም ማሳደግን ከልክሎ ከቆየ በኋላ፣ በማርች 2024 እንደገና ፈቀደ። በኢትዮጵያም በአምስቱ ዓመት የፋሺስት ወረራ ዘመን አርበኞች ጎፈሬያቸውን አሳድገው በዱር በገደሉ ተዋግተዋል። ከጀግንነታቸው ላይ ጎፈሬው የቀነሰው ነገር አልነበረም። የኩባ ተዋጊዎችም በ1959 ሃቫና የገቡት ጢማቸውን እንዳንዠረገጉ ነው።

ለመላጨት የሚሰጠው ዋነኛው ምክንያት የጋዝ ጭንብል ነው። ይህ ምክንያት እንደ ተራ ነገር የሚጣል አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ባዘነቡ ጊዜ፣ ያለ ጭንብል መሰለፍ ምን እንደሚያስከትል የኢትዮጵያ ሕዝብ በገዛ ገላው ያወቀው ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጢም ጭንብሉ ከፊት ቆዳ ጋር እንዳይገጥም ሊያደርግ ይችላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የጂሌት መላጫዎችን ለወታደሮቹ ያደለውም ያለ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ይህ ምክንያት የሚያስገድደው የጋዝ አደጋ በሚያሰጋበት ቦታና ጊዜ መላጨትን ነው እንጂ፣ በመጋዘንና በጽሕፈት ቤት የሚሠራው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በየማለዳው እንዲላጭ አይደለም።

ሚኒስትሩ ራሳቸው በዚያው ንግግር ጢም የሚፈልግ ልዩ ኃይል ውስጥ ይግባ፣ ያለዚያ ይላጭ የሚል አነጋገር ተናግረዋል። እንግዲህ እጅግ አስቸጋሪው ግዳጅ የሚሰጠው ክፍል ጢም እንዲኖረው ከተፈቀደ፣ ጢም ውጊያን ያደናቅፋል የሚለው ክርክር በገዛ ባለቤቱ አፍ ፈረሰ ማለት ነው። የቀረው የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው።

ሸክሙ የማን ነው?

መልክን ማሳመር በራሱ ክፉ አይደለም። ጥያቄው ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። ከርዳዳ ጸጉር ያለው ሰው ጢሙን በተላጨ ጊዜ፣ በምላጩ የሾለው የጸጉር ጫፍ ተጠምዝዞ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል። ቆዳው ያብጣል፣ ይመግላል፣ ይጠቁራል፣ ውሎ አድሮም ጠባሳ ይሆናል። ይህ ችግር ከነጮች ይልቅ በጥቁሮች ላይ እጅግ የበዛ ሲሆን፣ ከአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበራት አንዱ እስከ 60 በመቶ የሚደርሱትን ጥቁር ወንዶች እንደሚነካ ይገልጻል። ዋነኛው መድኃኒቱ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ ይኸውም አለመላጨት ነው። ስለሆነም ለብዙ ዘመን የጦሩ ሐኪሞች ለእነዚህ ወታደሮች ከመላጨት ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ ሲሰጡ ኖረዋል።

ፈቃዱም ቢሆን ያለ ቅጣት አልነበረም። በ2021 የታተመ የአሜሪካ አየር ኃይልን የሚመለከት ጥናት፣ ፈቃዱን ከያዙት አብዛኛዎቹ ጥቁሮች መሆናቸውንና የማዕረግ ዕድገታቸውም ከሌሎች ይልቅ የዘገየ መሆኑን አሳይቷል። በኦገስት 2025 በወጣው መመሪያ መሠረት ደግሞ፣ ከአንድ ዓመት ሕክምና በኋላም ፈቃዱ የሚያስፈልገው ወታደር ከሠራዊቱ እንዲሰናበት አዛዦች ሂደቱን እንዲጀምሩ ታዘዙ። ሩጫውን በብቃት የሚሮጥ፣ ክብደቱን የሚያነሣ፣ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወታደር በጸጉሩ ተፈጥሮ ምክንያት እንጀራውን እንዲያጣ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። በደንቡ ውስጥ ዘር የሚል ቃል አይገኝም። የዘር መድሎ በአሜሪካ ጦር ውስጥ እንዲቀር ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1948 አዘዋል። ሆኖም በጽሑፍ ለሁሉም እኩል የሆነ ደንብ፣ ቆዳው በሚቆስለውና በማይቆስለው ላይ በሥራ እኩል ሊሆን አይችልም።

በሃይማኖታቸው ምክንያት ጢማቸውን የማይላጩትም እንዲሁ ናቸው። የሲክ እምነት ተከታዮች በሕንድ ጦር ውስጥ ከነጢማቸውና ከነጥምጣማቸው ተሰልፈው በጀግንነታቸው የታወቁ ናቸው። በአሜሪካ ግን ይህንኑ መብት ለማግኘት ለዓመታት በፍርድ ቤት ተሟግተዋል። በዲሴምበር 2022 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የባሕር እግረኛ ጦር ምልምሎች የሆኑ የሲክ ወጣቶች ከነጢማቸው ሥልጠና እንዳይጀምሩ መከልከላቸውን በመንቀፍ ወስኖላቸዋል። ከሦስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የመጣው የኳንቲኮ ትእዛዝ ይህንን የመሰለውን መብት መልሶ አጠራጣሪ አደረገው።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ጦር ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ አይገባም። በፋብሪካ የሚሠራ ወዛደር የሚሽከረከር መኪና አጠገብ ሲቆም ረጅም ጸጉሩን እንዲሸፍን፣ የሚንዘላዘል ልብስም እንዳይለብስ ይታዘዛል። ትእዛዙ እጁንና ሕይወቱን ስለሚጠብቅለት ማንም አስተዋይ ሠራተኛ አይቃወመውም። ነገር ግን አለቃው የሠራተኛውን ጸጉር ወይም ጢም ለዓይኑ ስላልተስማማው ብቻ ከሥራ ቢያባርረው፣ ያ ዲሲፕሊን ሳይሆን በዲሲፕሊን ስም የተፈጸመ በደል ነው። በየቀበሌው፣ በየማኅበሩና በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የምናወጣና ደንብ የምናከብር ሁሉ ይህንን ልዩነት አጥብቀን ልንይዝ ይገባል።

ባጭሩ፣ ዲሲፕሊን የሠራዊት አከርካሪ ነው። አከርካሪው የሚጠነክረው ግን ደንቡ ከሥራው ሲመነጭ፣ ከአለቃውም ሲጀምር ነው። ጄኔራሉ ከተራው ወታደር ጎን ቆሞ የሚሮጥበትን ደንብ እንደግፋለን። አንዱ በየማለዳው ፊቱን እያደማ፣ ሌላው ሳይሰማው የሚያልፍበት ደንብ ግን ለጠላት ካልሆነ በስተቀር ለማንም አይጠቅምም፤ ሠራዊቱን መዋጋት የሚችሉ ሰዎች ያሳጣዋልና።