ያለ ሥራ የሚረግጥ እግር

ማርሹ በእጅ በሚለወጥ መኪና ውስጥ በነጂው ግራ እግር ፊት የፍሪሲዮን መርገጫ አለ። ነጂው በረገጠው ጊዜ ኩሽኔታ የሚባል ተሽከርካሪ ቀለበት የፍሪሲዮኑን ሞላ ይገፋል፤ ያን ጊዜ የሞተሩ ኃይል ከማርሹ ይለያል። እግሩን ባነሣ ጊዜ ኩሽኔታው ከሸክሙ ያርፋል። የተሠራውም ጥቂት ሠርቶ ብዙ እንዲያርፍ ነው።

ቸልተኛ ነጂ ግን ማርሽ ከለወጠ በኋላ እግሩን በመርገጫው ላይ ያሳርፋል። ለእርሱ ዕረፍት ይመስለዋል፤ ኩሽኔታው ግን መንገዱን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ይሽከረከራል፤ ይግላል፤ ቅባቱም ይደርቃል። በመጨረሻ መርገጫው በተረገጠ ቍጥር ይጮኻል። ነጂው ጩኸቱን ሰምቶ ዝም ቢል ኩሽኔታው ይሰበራል፤ ማርሽም አልገባ ብሎ መኪናው በመንገድ ይቀራል። ኩሽኔታው ትንሽ ዕቃ ነው፤ እርሱን ለመለወጥ ግን ማርሾቹ ያሉበት ካምቢዮ መውረድ አለበትና ድካሙና ወጪው ብዙ ነው።

ብልህ ነጂ ማርሹን ለውጦ እግሩን በወለሉ ላይ ያኖራል። ብዙ በሚቆምበትም ስፍራ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ በዳገት ላይ ሲቆም መኪናውን በፍሬን ይይዛል እንጂ በፍሪሲዮን አያንጠለጥልም።

ለመሣሪያው የማይራራ ሰው ለገንዘቡም አይራራም። ትንሽ ልማድ ትልቅ ዕቃ ያፈርሳል፤ ትንሽ ጥንቃቄም ትልቅ ዕቃ ያቆያል።