ኩላሊት ከመታጠቡ በፊት እጅ ይታጠብ!

"ሲስተሯን 'እጅሽን ታጥበሻል ወይ?' ብላት ትቀየመኝ ይሆን?" አለኝ አባቱን ለኩላሊት እጥበት የሚያመላልስ አንድ የባሕር ዳር ወዳጄ። እኔም ሳላቅማማ መለስኩለት... ብትቀየምም ጠይቃት!

እስቲ ፍረዱኝ። ጣና ዳር ዓሣ ልንበላ ተቀምጠን እጃችንን ሳንታጠብ የምንጎርስ አለን? የእጅ ውሃ ከዘገየ አስተናጋጁን እናፋጥጠዋለን። ሐኪም ቤት ስንገባ ግን ይሉኝታ አፋችንን ይለጉመዋል።

ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በአንዱ ቀን 4 ሰዓት ያህል፣ ደሙ በማሽን እየተጣራ ይመለስለታል። ብዙዎች መተላለፊያቸው አንገት ወይም ደረት ላይ የገባች ካቴተር የምትባል ቱቦ ናት። የውስጥ ጫፏ የሚደርሰው ልብ ድረስ ነው! ባለሙያው ካንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲያልፍ በእጁ የያዘው ጀርም ቱቦዋ አፍ ላይ ካረፈ መንገዱ በቀጥታ ወደ ደም ነው። የደከመ ሰው ደሙ ከተመረዘ ደግሞ ሞትም አለ። ክንድ ላይ ደም ሥር ከደም ሥር ተገናኝቶ የሚሠራው ፊስቱላ (ባሕር ዳር ሐምሊን ከሚታከመው ጋር እንዳታምታቱት) በኢንፌክሽን በኩል ከካቴተር ይሻላል። እሱም ቢሆን መርፌ ሲገባበት ንጹሕ እጅ ይፈልጋል።

"ጓንት አድርጋ የለም እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። በዚያው ጓንት ማሽኑንም፣ ስልኩንም፣ ቱቦውንም ከነካካችበት ምኑን ጓንት ሆነ? ጓንት መታጠብን አይተካም፤ ከማጥለቅ በፊትም ካወለቁ በኋላም እጅ ይጸዳል። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው።

መቀየሙ እንደሆነ ድሮም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ዶክተር ዜመልቫይስ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያደርግ የወላዶች ሞት በጣም ቀነሰ፤ ብዙ ሐኪሞች ግን አኮረፉት።

ነርሶቹን ብቻ አልኮንንም። ቧንቧው በደረቀበት፣ ሳሙናው ባለቀበት ክፍል "ታጠቡ" ማለት ፌዝ ነው። በየአልጋው አጠገብ አልኮል ማስቀመጥ የአለቆች ሥራ ነው፤ እነሱንም ጠይቁ።

አነጋገሩን ለማያውቅበት ደግሞ እነሆ... "ሲስተርዬ፣ ቱቦውን ሳትነኪ እጅሽን በአልኮል አሸት ብታደርጊልን፣ አደራ!" ማሽኑ ላይ ሳለ ወይም ቤት ከገባ በኋላ ካንቀጠቀጠው፣ ካተኮሰው፣ ቱቦው የገባበት ቦታ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ "እስከ ቀጠሮው ይቆይ" አትበሉ። በዚያው ሰዓት ለባለሙያ ንገሩ።