የመጨረሻው አውሮፕላን ከሄደ በኋላ

በደቡብ ዋልታ ከሚገኘው የአሜሪካ አሙንድሰን-ስኮት ጣቢያ የመጨረሻው አውሮፕላን በየካቲት ሲነሳ፣ አርባ የሚያህሉ ሠራተኞች ለስምንት ወር ያህል እዚያው ይቀራሉ። ያፈቀረውም የቀናውም የተኳረፈውም በአንድ ገበታ ይቀርባል። ከጣቢያው ውጭ መሸሻ የለም።

የዚህ ኑሮ ጥናት የተጠናከረው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) አካባቢ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሳይኮሎጂስቶች ክረምቱን የሚችል ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ስሜቱን የሚገዛ፣ ከሰው የሚግባባ አሉ። በኋላ ሎረንስ ፓሊንካስና ጄፍሪ ጆንሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ዓይናቸውን ከግለሰቡ ወደ ቡድኑ አዞሩ። በአንድ ማዕከል ዙሪያ የተሰባሰበ ቡድን፣ በየጎራው ከተከፋፈለው ይልቅ ውጥረቱና ቁጣው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ለእኔ የዘርፉ ትልቁ ግኝት ይህ ነው፤ ቁጣ የሚበረታው ወገን በተለየበት ቤት እንደሆነ ያሳያልና።

ባሕር ኃይሉ ሴቶችን እስከ 1969 ከአንታርክቲካ አግዶ ነበር። ሴት ከገባች ወንዶቹ ይጣላሉ የሚለው ስጋት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በ1974 ሜሪ አሊስ ማክዊኒና መነኩሲቷ ባዮሎጂስት ሜሪ ኦዲል ካሁን በአህጉሩ ባለው የአሜሪካ ማክመርዶ ጣቢያ ከረሙ፤ በ1979 ደግሞ ሐኪሟ ሚሼል ሬይኒ በዋልታው ላይ ከረመች። ስጋቱ ግን መሠረቱ ደካማ ነበር፤ ወንዶች ሴት በሌለችበትም ይጣላሉና። አድሚራል ሪቻርድ በርድ በ1934 በአንታርክቲካ ብቻውን መክረምን የመረጠው፣ ሁለት ወንዶች በአንዲት ጎጆ ከተዘጉ መጠላላታቸው አይቀርም ብሎ ጭምር ነው።

ከአንታርክቲካ ውጭም ተዘግቶ መኖር ተፈትኗል፤ ሞስኮ ውስጥ በ1999–2000 በተካሄደ የጠፈር ጉዞ ልምምድ ሁለት ወንዶች ደም እስኪፋሰሱ ተደባደቡ፤ ካናዳዊቷን ጁዲት ላፒየርን ደግሞ አዛዡ ያለፈቃዷ ሳማት። አዘጋጆቹ ነገሩን የባህል ልዩነት አሉት። መፈላለግን ከጥቃት ጋር መደባለቅ የዘርፉ የቆየ ጥፋት ነው። በ2022 ይፋ የሆነው የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ሪፖርት ጥቃቱን በስሙ ጠራው፤ ከተጠየቁት ሴቶች 59 በመቶው በአንታርክቲካ ትንኮሳ ወይም ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። በቀጣዩ ዓመት የማክመርዶ መጠጥ ቤቶች አልኮል መሸጥ አቆሙ። መጠጡ ግን የነገሩ ሥር አይደለም፤ ተበዳይዋ የምትከሰው አለቃዋን ሊሆን ይችላል፣ ጓደኞቹም የእሷ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። በ2001፣ በ2003 እና በ2016 በክረምት ወደ ዋልታው አውሮፕላን የተላከው ለታመሙ ሰዎች ነበር። ለተጠቃችም ሴት ያው በረራ በዕቅድ ሊያዝላት ይገባል።