ከለቅሶው በኋላ የወጣው ኑዛዜ
አባት አርፈው፣ ድንኳኑ ሳይነሳ ከወንድማማቾቹ አንዱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። ቤቱን ለእርሱ የሚሰጥ ኑዛዜ ነው። ሌሎቹ «ይህ የአባታችን ፊርማ አይደለም» ይላሉ። ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ግን ፊርማው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ኑዛዜው ሊፈርስ እንደሚችል ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በኑዛዜ አደራረግ ላይ ጥብቅ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያውኑ መፈረም አለበት። መነበቡና ቀኑ ራሱ ሰነዱ ላይ ካልሰፈረ ፈራሽ ነው። ተናዛዡ ለብቻቸው የሚጽፉት ምስክር አይፈልግም፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በእጃቸው ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል። የቃል ኑዛዜ ደግሞ ተናዛዡ ከ3 ወር በላይ በሕይወት ከቆዩ ዋጋ ያጣል።

ከሁሉም ልብ የሚሰብረው ልጅን ከውርስ ስለመንቀል የሚነሳው ክርክር ነው።

ልጁን የሚነቅል ሰው ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መግለጽ አለበት። ዳኛው የሚመዝነው ምክንያቱ ለመንቀል የሚበቃ መሆኑን እንጂ እውነትነቱን አይደለም። «ታምሜ አልጠየቀኝም» ተብሎ የተጻፈበት ልጅ፣ አልጋ አጠገብ ማደሩን ጎረቤት ይመስክርልኝ ቢል እንኳ የሟች ቃል እውነት እንደሆነ ይቆጠራል። ይህ ለልጅ እጅግ ከባድ ነው። በአንጻሩ በኑዛዜው ስሙ ሳይነሳ የታለፈን ልጅ ሕጉ እንደተነቀለ አይቆጥረውም።