የአነስተኛ ጎርፍ መከላከያ ግድብ አጠባበቅ

ለግብርና ልማት ሠራተኞች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለግል እርሻ ባለቤቶች የተዘጋጀ

1. መግቢያ

ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቅ አነስተኛ የአፈር ግድብ ማሳን ከመታጠብ፣ መንደርንም ከመጥለቅለቅ ያድናል። ይኸው ግድብ ካልተጠበቀ ግን ከጎርፉ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ምክንያቱም የፈረሰ ግድብ ለሰዓታት ያጠራቀመውን ውኃ በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ነው።

ለምሳሌ ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ወርዱ 100 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ 20,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ይህ 20,000 ቶን ማለት ነው። በግማሽ ሰዓት ቢወጣ በየሰከንዱ 11 ቶን ያህል ውኃ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ በግድቡ ሥር ሰው የሚኖር ከሆነ «ትንሽ ግድብ ነው» ተብሎ ሊናቅ አይገባም።

2. ከደረሱ አደጋዎች

በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት የኬሊ ባርንስ ግድብ ጥቅምት 27 ቀን 1970 ዓ.ም. (ኖቬምበር 6 ቀን 1977) ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ፈርሶ፣ ከበታቹ በነበረው ኮሌጅ 39 ሰዎች ሞተዋል። ግድቡ የኮሌጁ የራሱ ንብረት ሲሆን ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነበር። ኤሌክትሪክ ማመንጨት ካቆመ 20 ዓመት አልፎት ነበር። መርማሪዎች አንድ ብቸኛ ምክንያት መለየት ባይችሉም የኋላ ተዳፋቱ በጣም ቀጥ ያለ እንደነበረና በውስጡ የሚሰርግ ውኃ ለመፍረሱ እንደረዳ ገምተዋል።

በኬንያም በናኩሩ አካባቢ ሶላይ በተባለው ስፍራ የአንድ የግል እርሻ ግድብ ከረዥም ዝናብ በኋላ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. (ሜይ 9 ቀን 2018) ማታ ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ሁለቱም ለጎርፍ መከላከያ የተሠሩ አልነበሩም። ይሁን እንጂ ሁለቱም በጨለማ የፈረሱ፣ ከበታቻቸው ሰው የሚኖርባቸው የግል ግድቦች ነበሩ። የጎርፍ መከላከያ ግድብ ደግሞ የራሱ የሆነ ተጨማሪ አደጋ አለው። ይኸውም ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሚሆን ይረሳል፤ ስንጥቁና የአውሬው ጉድጓድ የሚታወቀው ውኃው ሲሞላ ብቻ ነው።

3. ማስተንፈሻውን አትዝጉ

በየቦታው የምናየው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለመስኖ ውኃ ለማቆየት ተብሎ በማስተንፈሻው አፍ ላይ ድንጋይና አፈር የተሞላ ጆንያ ይደረደራል። የመልቀቂያ ቱቦውም ይደፈናል። ሐሳቡ መልካም ይመስላል፤ ውጤቱ ግን አደገኛ ነው።

በስሌት እንመልከተው። በ100 ሄክታር ተፋሰስ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብና ግማሹ ወደ ግድቡ ቢወርድ 25,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከላይ የጠቀስነው 20,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ ባዶ ሆኖ ቢጠብቅ እንኳ የቀረው 5,000 ሜትር ኩብ በቱቦውና በማስተንፈሻው መውጣት አለበት። ኩሬው ለመስኖ ተብሎ እስከ ግማሽ ተሞልቶ ከቆየ ግን መውጫ የሚፈልገው ውኃ 15,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ማስተንፈሻው ተዘግቶ ከሆነ ይህ ሁሉ በግድቡ አናት ላይ ይፈሳል። በአፈር ግድብ አናት ላይ የፈሰሰ ውኃ የኋላውን ተዳፋት እየሸረሸረ ግድቡን ይቆርጠዋል።

ከማስተንፈሻው ወለል እስከ ግድቡ አናት ያለው ከፍታ ትርፍ ቦታ አይደለም፤ የግድቡ መዳኛ ነው። ማኅበሩ የመስኖ ውኃ ከፈለገ ሌላ ኩሬ ይቆፍር፤ ወይም ግድቡ በመሐንዲስ ተጠንቶ እንዲሻሻል ይጠይቅ።

4. ውኃ በግድቡ ውስጥ መንገድ እንዳያገኝ

ሀ. በግድቡ ላይ ባሕር ዛፍም ሆነ ሌላ ዛፍ አይተከል። ሥሩ ሲበሰብስ የውኃ መንገድ ይሆናል። ችግኙ በትንሽነቱ ይነቀል። የቆየ ትልቅ ዛፍ ካለ ግን ሥሩን ከመንቀል በፊት ባለሙያ ይጠየቅ። ተዳፋቱን ለመሸፈን ሰርዶ ይበቃል።

ለ. የምስጥ፣ የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድ እስከ መጨረሻው ተቆፍሮ፣ እርጥበት ባለው ሸክላ አፈር በስስ በስሱ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። አፉን ብቻ መድፈን አይጠቅምም።

ሐ. ከብት በተዳፋቱ ላይ አይውጣ። ኮቴ የሠራው መንገድ በዝናብ ቦይ ይሆናል።

5. መቼ ይመርመር?

ከክረምት በፊት፦ በግንቦት ወር ማስተንፈሻው ይጠረግ፤ ቱቦው ይፈተሽ፤ ስንጥቅ ይፈለግ። የአናቱ ልክ በውኃ ልክ ይታይ። መሀሉ ሰጥሞ ከተገኘ ከዝናቡ በፊት ተሞልቶ ይጠቅጠቅ።

በክረምት፦ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁልጊዜ የግድቡ እግር ይታይ። የሚወጣው ውኃ የጠራ ከሆነና መጠኑ ካልጨመረ ምልክት ተደርጎበት ይጠበቅ። ከደፈረሰ ግን አፈር እየታጠበ ስለሆነ አደጋው ቀርቧል።

ከክረምት በኋላ፦ የተጠራቀመው ደለል በልክ ይመዝገብ። ደለል የያዘው ቦታ ለጎርፍ የሚሆን ቦታ አይደለም።

6. አደጋ ሲታይ

መጀመሪያ ከግድቡ በታች ያሉ ሰዎች ወደ ከፍታ ይውጡ፤ ለቀበሌውና ለወረዳው ይነገር። ከዚያ ቱቦው ይከፈት። ለጥገና ሥራ ጊዜ ካለና ግድቡ ላይ መቆም የሚያሰጋ ካልሆነ፣ ድፍርስ ውኃ በሚወጣበት ቦታ ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከላይ ድንጋይ ይደረግ። ይህ ውኃውን እያሳለፈ አፈሩን ያስቀራል። በሸክላ መድፈን ግን ውኃው በሌላ በኩል እንዲፈነዳ ያደርጋል። ውኃ ለማስወጣት ተብሎም የግድቡ አናት ፈጽሞ አይቆፈር።

ማሳሰቢያ

ግድቡ ያለበት ማኅበር ወይም ባለእርሻ አንድ ተጠሪና አንድ ምትክ ይምረጥ። የምርመራው ቀንና የታየው ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ። ከበታች ያለው መንደርም ሌሊት በምን ምልክት እንደሚጠራና ወደ የት እንደሚወጣ ከሰኔ በፊት ይወቅ። የልማት ሠራተኛው በግንቦት በሚያደርገው ጉብኝት መዝገቡን እንዲያይ፣ ማስተንፈሻውንም በእግሩ ዞሮ እንዲመለከት አጥብቀን እንመክራለን።